ደባሉ ሳይጠሩት ይነሳ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ፋብሪካው በመስታወት የታሰረ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። «ታማኝ፣ ታታሪና ታዛዥ ሠራተኛ ነበሩ» ይላል። ታማኝ ለሚለው እሺ። ታታሪም ነበርኩ፤ እግሬ ይመስክር። ታዛዥ የሚለውን ግን አልቀበልም። የአስተዳደር ጸሐፊዋ ለሁሉም ጡረተኛ አንድ ዓይነት ቃል እንደምትጽፍ ስለማውቅ አልቀየምኳትም። የእኔን የግል ማኅደር ገልጣ ብታይ ኖሮ ግን «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ደብዳቤ ታገኝ ነበር። ያንን ደብዳቤ ያገኘሁት ባለመታዘዜ ነው፤ ዛሬም ቢሆን አልታዘዝም።

ልጆቼ «አባባ፣ ያለፈውን ነገር ተወው» ይሉኛል። እነሱ የሚሠሩት ኮምፒውተር የት አገር እንደተቀመጠ እንኳ በማይታወቅበት መሥሪያ ቤት ነው። በአንድ ማሽን ሆድ ውስጥ ሌላ ሃያ ማሽን ይነሳል ይወድቃል፤ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ለእነሱ ይህ እንደ ቧንቧ ውሃ ነው። እኛ ያንን ውሃ ከየት እንደቀዳነው ስለማያውቁ አልተወውም።

ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ ነው። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር፤ እኔ ግን መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ በረዳት ኤሌክትሪሽያንነት ተቀጠርኩ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ደመወዙ ለአንድ ቅዳሜ የሳሪስ ገበያ አይበቃም ነበር፤ ቢሆንም በዚያን ጊዜ ሥራ ያለው ሰው ስለ ደመወዝ አያወራም።

አለቃዬ ጋሽ በየነ ይባላሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ቁጣቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ማሽን ሊጠግኑ ሲገቡ መጀመሪያ የማሽኑን ፊውዝ ነቅለው ኪሳቸው ይከቱታል። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ምሳ ሲበሉም፣ ሽንት ቤት ሲሄዱም ፊውዙ ከእሳቸው ጋር ነው። «ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ማስታወቂያ ማንም ያነሳዋል፤ ከበየነ ኪስ ግን ማንም አያነሳም» ይላሉ። ጥገናው ሲያልቅ ማሽኑን አንዴ ዙረው ያዩታል፤ በግራ በኩል ጀምረው በቀኝ ይጨርሳሉ፤ መሐል ላይ ሰው ካናገራቸው እንደገና ከግራ ይጀምራሉ። ከዚያ ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት «ፊት ለፊቱ ማን አለ?» ብለው ይጮኻሉ። ማንም እንደሌለ በዓይናቸው እያዩ እንኳ ይጮኻሉ።

ይህን ሁሉ ያደርጉ የነበረው ያለ ነገር አይደለም። በፋብሪካ ውስጥ የሚያስፈራው የመብራት መጥፋት ሳይሆን መምጣቱ ነው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት አንድ ሠራተኛ መብራት በጠፋበት ሰዓት ማሽን ውስጥ የተተበተበ ክር ሊያወጣ እጁን ሰደደ። መብራቱ መጣ፤ ማሽኑ በራሱ ተነሳ፤ ሰውየው አራት ጣቱን እዚያው ተወ። ጋሽ በየነ ናቸው በጨርቅ ጠቅልለው ሐኪም ቤት ያደረሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በፋብሪካው ውስጥ ያለውን ማሽን ሁሉ አንድ በአንድ ገመዱን ቀየሩት፤ መብራት ቢመጣም ሰው ሄዶ ቁልፍ እስካልተጫነ ድረስ የሚነሳ ማሽን እንዳይኖር አደረጉ። «መብራት ሲመጣ ማሽን ይተኛ፣ ሰው ይነሳ» የሚለው ቃላቸው በጥገና ክፍሉ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። እኔ ይህን ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ነው የያዝኩት።

ወደ ኮምፒውተር የገባሁት ፈቅጄ አይደለም። ክር ለሚነከርበት ቀለም ቤት ከውጭ አገር የማቅለሚያ ማሽን ሲገዛ አብሮት ኮምፒውተር መጣ። የሰው ኃይል ክፍሉ ዕቃውን ማን ይረከብ ብሎ ቢጨነቅ፣ ጋሽ በየነ «ጌታነህ እንግሊዝኛ ያነባል» ብለው በእኔ ላይ ጣሉት። የዝውውር ደብዳቤው «ደመወዝዎ ባለበት ሆኖ» ይል ነበር። እኔም እንደ ማንኛውም ማሽን መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ዞርኩና አየሁት። ከዚያ ከዕቃው ጋር የመጣውን ወፍራም መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሽቦ ይልቅ የቁልፍ ሰሌዳ የሚቀናኝ ሰው ሆንኩ።

ያ ኮምፒውተር የቀለም ቤቱ ልብ ነበር። የክሩን ዓይነት፣ ክብደቱንና የሚፈለገውን ቀለም ሲነግሩት፣ ከየትኛው ቀለም ስንት ግራም፣ ስንት ጨው፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን አስልቶ ያወጣል። አዲስ የቀለም በርሜል በተከፈተ ቁጥር ናሙናው ተሞክሮ ውጤቱ ይገባለታል፤ የአንዱ በርሜል ሰማያዊ እንደ ሌላው በርሜል ሰማያዊ አይደለምና።

ቀለም ቤቱን የምትመራው ጫልቱ ነበረች። በዕድሜ እኩያዬ ነች። የመጣችው ከፋብሪካው ጀርባ ከነበረው የገበሬ መንደር ነው። «ይሄ ቦይለራችሁ የቆመበት ቦታ የአያቴ የጤፍ ማሳ ነበር» ትላለች፤ ስትቀልድ ይሁን ስታማርር ለይቶ የሚያውቅ የለም። ክር ከገንዳው ሲወጣ በእርጥቡ አትፈርድም። ጨምቃ፣ በቦይለሩ ቱቦ ላይ አድርቃ፣ በር ላይ ወጥታ በፀሐይ ታየዋለች። እኔ አንድ ዓይነት የሚመስለኝን ሁለት ክር «አንዱ ታሟል» ብላ ትመልሰዋለች። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ» ስላት «መብራቱ ካለ ደህና» ነበር መልሷ።

ዓመታት አለፉ፤ ኮምፒውተሩም አረጀ። የሠራው ድርጅት ተዘግቷል። ፕሮግራሙ ደግሞ በዚያ አሮጌ ስርዓት ላይ ካልሆነ በሌላ ላይ አልሠራም አለ። መርካቶ ዞሬ ከተጣሉ ኮምፒውተሮች አካል እየለቀምኩ አቆየሁት። አንድ ቀን ግን የዲስኩ ድምፅ ተለወጠ፤ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ። ይህን ድምፅ የሰማ ባለሙያ እንቅልፍ የለውም።

አዲስ ማሽን ሆድ ውስጥ አሮጌውን እንዳለ ማኖር እንደሚቻል ያነበብኩት ያኔ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ከነስርዓቱ፣ ከነፕሮግራሙ አንድ ትልቅ ፋይል ይሆናል። አዲሱ ኮምፒውተር ይህን ፋይል ይዞ፣ ራሱን የቻለ ማሽን ነህ ብሎ ያታልለዋል። ስሙ ቨርችዋላይዜሽን ነው፤ የቀለም ቤት ሰዎች ግን ስነግራቸው «እ፣ ደባል ነው እንዴ!» አሉ። ልክ ናቸው። አንድ ቤት፣ አንድ በር፣ ሁለት ነዋሪ። ስሙ ደባሉ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በተራው መንገድ ነበር። ደባሉ ተነሳ፤ ግን የአንድ ቀለም ስሌት ለማውጣት ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል። እያንዳንዱን ነገር አስተርጓሚ እየተረጎመለት ነበርና ነው። ኋላ ሳነብ አዲሱ ፕሮሰሰር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ችሎታ በውስጡ እንዳለው አወቅሁ፤ ደባሉ ያለ አስተርጓሚ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር እንዲነጋገር የሚያደርግ። ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያ በማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ላይ መከፈት አለበት። ቀጥሎ የስርዓቱ አስኳል፣ ከርነል የሚሉት፣ ይህን ችሎታ እንዲጠቀምበት መፈቀድ አለበት። የምጠቀመው ማንም ከፍቶ ሊለውጠው የሚችለውን ነፃ ስርዓት ስለነበር ከርነሉን ራሴ መገንባት እችል ነበር። ስትገነባው በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ ይጠይቅሃል፤ ለብዙው ሦስት መልስ አለው፦ አይግባ፤ ወይም ለብቻው ይቀመጥና ሲጠሩት ይምጣ፤ ወይም ከአስኳሉ ጋር ይዋሃድና ማሽኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳ።

እኔ መካከለኛውን መረጥኩ፤ ሲጠሩት ይምጣ።

ለምን? የበሩ ቀይ ጽሕፈት ነዋ! መብራት ሲመጣ ማሽን ይተኛ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ደባሉ ይተኛል፤ እኔ ሄጄ፣ ሁሉን ዙሬ አይቼ፣ ሦስት መስመር ትዕዛዝ እጽፋለሁ፤ ያኔ ይነሳል። ሦስቱን መስመሮች በወረቀት አልጻፍኳቸውም። ለጫልቱም አላስተማርኳትም። አንድ ቀን «እስቲ አሳየኝና እኔው ልቀስቅሰው» ብላኝ ነበር፤ «ይሄ ክር መንከር አይደለም» ብዬ ቀለድኩባት። ትዕዛዞቹን በጭንቅላቴ መያዜን፣ ፊውዙን ኪሴ እንደ መክተት ቆጠርኩት።

ሥራው ግን ሠራ። ስሌቱ ከድሮው ኮምፒውተር በላይ ፈጠነ። አሮጌውን ማሽን አጥፍቼ አቧራውን ጠርጌ ወደ መጋዘን ስልከው፣ የቀለም ቤት ሴቶች እልል አሉ። መብራት በፈረቃ የነበረበት ዓመት ስለሆነ በቀን አንዴ ሁለቴ ይጠፋል። በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል፦ «ጌታነህ፣ ደባሉ ተኝቷል!» እኔም ግቢውን በሩጫ አቋርጬ እሄዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል።

በዚያው ሰሞን ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣና የኮምፒውተር ክፍል ተቋቋመ፤ ኢንጂነር ፍስሐ ኃላፊ ሆነ። በዕድሜ ታናሼ፣ ትምህርቱ የበዛ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። የሚፈራው ግን አንድ ነገር ነበር፦ በወረቀት ያልተፈቀደ ለውጥ። «አቶ ጌታነህ፣ ፈብራኪዎቹ ዘግተው የላኩትን ነገር እኛ ለምን እንከፍታለን? እንደመጣ ይሁን» ይለኝ ነበር። በፊርማው የወጣ ሰርኩላርም ነበረው፤ የተፈቀደ ቅጽ ሳይኖር በማንኛውም ስርዓት ላይ ለውጥ እንዳይደረግ የሚል። ደባሉን የዘጋሁት በእሱ ትዕዛዝ ነው ብል ግን ውሸት ነው፤ እኔው ራሴ ነኝ የዘጋሁት።

አንድ ሐሙስ የአክስቴ ልጅ አርፋ ናዝሬት ለቅሶ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ነውና ስልኬን አጠፋሁ። ያን ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ደባሉ ተኛ። ለተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሆን ሰማያዊ ክር በዚያው ቀን እንዲወጣ ታዞ ነበር። የፈረቃ ኃላፊው ደጋግሞ ደወለልኝ፤ ዝግ ነው። ጫልቱ «ጌታነህ እስኪመጣ ይቆይ» አለች። ሰውየው «ሃያ ዓመት ሙሉ ስትነክሪ በእጅሽ አታውቂውም? ገንዳው ፈልቷል፤ አስገቢ!» አላት። የድሮ ደብተሯን አውጥታ በዚያ ልክ መዝና አስገባች። የደብተሩ ልክ ግን የድሮው በርሜል ነው፤ አዲሱ ሰማያዊ በጣም ይበረታል። ይህን የሚያውቀው ደባሉ ብቻ ነበር። ክሩ ሰማያዊ ሊሆን ገብቶ ጥቁር ሊሆን ምንም ሳይቀረው ወጣ። የገረጣ ክር ይጠቁራል፤ የጠቆረ ግን ተመልሶ አይነጣም።

ዓርብ ጠዋት ስደርስ ጫልቱ በር ላይ ነበረች፤ ቱታዋን አውልቃ በፌስታል ይዛዋለች። የእግድ ደብዳቤ ተሰጥቷታል፤ ጉዳዩ በዲሲፕሊን ኮሚቴ እስኪታይ። ጡረታዋ አራት ዓመት ቀርቷት፣ ባሏ ሞቶ፣ የመጨረሻ ልጇ ገና ተማሪ ሆኖ። አልፋኝ ወጣች።

ወደ ውስጥ ገብቼ ኢንጂነሩ አጠገቤ ቆሞ ሦስቱን መስመሮች ጻፍኩ። ደባሉ ወዲያው ተነሳ። ኢንጂነሩ ስክሪኑን አይቶ «ይኸው፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው» አለ። ይህንኑ በሪፖርት ጻፈ።

እኔ ዝም አልኩ። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይሞቃል። ዓርብ ዝም አልኩ፤ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ሠርቼ ዝም ብዬ ወጣሁ። ራሴን «የጋሽ በየነ ሕግ ያዘዘውን ነው የሠራሁት» እያልኩ አባብል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን እግሬ ሳሪስ አቦ ጋሽ በየነ ቤት ወሰደኝ።

ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የሰፈር ሰው ያመጣላቸውን የኤሌክትሪክ ምድጃ በራቸው ላይ ተቀምጠው እየጠገኑ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ምድጃውን ሲጨርሱ ይመልሱልኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ምድጃውን ወደ ጎን አድርገው ቀና አሉ።

«አንቱ ባስተማሩኝ ነው የሠራሁት» አልኳቸው። «መብራት ሲመጣ ማሽን ይተኛ ብለውኝ።»

«ይሄ ደባል የምትለው ሲነሳ ጣት ይቆርጣል?»

«ኧረ የለም ጋሼ።»

«ያቃጥላል?»

«አያቃጥልም።»

«ፊት ለፊቱ ማን ነበር?»

«ጫልቱ።»

«ሲነሳ ይጎዳታል?»

«አይ... ባለመነሳቱ ነው የተጎዳችው።»

ከዚያ ሃያ ዓመት ያልሰማሁት ያ ድምፃቸው መጣ። «እኔ ፊውዝ ኪሴ የከተትኩት ማሽን ውስጥ ያለው ሰው እንዳይሞት ነው። አንተ ማን እንዳይሞት ብለህ ነው የከተትከው?»

ዓይኔን ወደ ምድጃው አወረድኩ።

«ልንገርህ? ጌታነህ እንዲጠራ ነው! በሩጫ ሲመጣ ሰው እንዲያየው ነው። ቃሌን ይዘህ ሄድክ፤ ምክንያቱን እኔው ጋ ጥለኸው ነው የሄድከው።» ምድጃቸውን መልሰው ያዙ። «በል ሂድ። ሻይ የለም።»

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ዘበኛው «ምን ተበላሸ?» አለኝ፤ «እኔ» ብዬው ገባሁ። ቅጽ አልሞላሁም። ቅጽ ብሞላ ኢንጂነሩ «እንደመጣ ይሁን» ብሎ እንደሚመልሰው አውቃለሁ፤ ኮሚቴው ደግሞ ማክሰኞ ነው የሚቀመጠው። የከርነሉን ጥያቄዎች ከፍቼ ወደዚያች መስመር ወረድኩ። የድሮውን መልስ ሰርዤ «ይዋሃድ፣ አብሮ ይነሳ» የሚለውን መረጥኩ። አንድ ፊደል ነው የተለወጠው። ደባሉም ራሱ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲነሳ ሦስቱን መስመሮች በማስነሻው ፋይል ውስጥ ጻፍኳቸው። ከዚያ ግንባታው ጀመረ፤ ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ይወርዳል። ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። ምን ይደረግ? ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ካለቀ በኋላ መሞከር ነበር። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ፤ መልሼ ሰካሁ፤ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ስርዓቱ ተነሳ፤ ተከትሎ ደባሉ ተነሳ፤ ያ የድሮው ሰማያዊ ገጽ «የክር ዓይነት?» ብሎ ጠየቀ። ማንም ምንም አልነካም። አሥር ጊዜ ነቀልኩ፤ አሥር ጊዜ ተነሳ። በየመሐሉ ፋይሉ እንዳልተጎዳ አየሁ፤ በሌላ ዲስክ ላይም ቅጂ አስቀመጥኩ። ልቤ ተቃጠለ እንጂ ደስ አላለኝም። ከሐሙስ በፊት ይህችን አንድ ፊደል ለውጬ ቢሆን ኖሮ ጫልቱ ቤቷ አትቀመጥም ነበር።

ማክሰኞ ኮሚቴው ተቀመጠ። የአስተዳደር ኃላፊው ሰብሳቢ ናቸው፤ ኢንጂነሩ፣ የፈረቃ ኃላፊው፣ አንድ የማኅበር ተወካይ። ጫልቱ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ማንም ሳይጠራኝ ገባሁና ተነስቼ ተናገርኩ። ደባሉ እንዲተኛ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የመቀስቀሻውን ትዕዛዝ ለማንም ያልነገርኩ እኔ ነኝ፤ አሳየኝ ብላኝ የቀለድኩባትም እኔ ነኝ አልኩ። አሁን ግን አስተካክዬዋለሁ፤ መብራት ሲመጣ በራሱ ይነሳል አልኩ።

ኢንጂነሩ ደም ሥሩ ተገተረ። «ያለ ፈቃድ? በእሑድ? ሰርኩላሩን አላነበቡም?»

«አንብቤዋለሁ።»

ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ማብረድ ይወዳሉ። «እንግዲህ መብራቱ ነው ጥፋተኛው» አሉ። «የመብራት ችግር ብለን እንዝጋው። ወይዘሮ ጫልቱን ወደ ማሸጊያ ክፍል እናዛውራቸው፤ ማንም አይጎዳም።»

ያን ጊዜ ጫልቱ ተናገረች። ድምፅዋን አላነሳችም። «እኔ ማሸጊያ ምን አጥፍቼ ነው የምሄደው? መብራት ሃያ ዓመት ጠፍቶብኝ ያውቃል፤ ክር አበላሽቼ አላውቅም።» ወደ እኔ ዞረች። «አንተም፣ ዓርብ በር ላይ አየኸኝ። ዝም አልክ። ቅዳሜም ዝም አልክ።»

«አዎ» አልኳት።

ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ። «መብራት ደመወዝ አይበላም፤ ማኅደርም የለው። መብራቱ ነው ከተባለ የተበላሸው ክር በእሷ ስም ይቀራል። ስሜን ይጻፉ፤ ጌታነህ ዘግቶት ነው ይበሉ። እሷ ወደ ቀለም ቤቷ ትመለስ።»

ኢንጂነሩ «ይህ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ። «ለውጡ ግን ዛሬውኑ ይሰረዝ። ከርነሉን ወደ ነበረበት ይመልሱ፤ ትዕዛዝ ነው።»

ኪሴ ውስጥ ያዘጋጀሁት ወረቀት ነበር። የራሱ የለውጥ ቅጽ ነው። ሞልቼዋለሁ፦ «ደባሉ በራሱ እንዳይነሳ ይደረግ። ደባሉ ተኝቶ ባለበት ሰዓት ለሚበላሸው ክር ኃላፊነቱን የሚወስደው፦» ከዚያ በኋላ ባዶ መስመር አለ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «እርስዎ ከፈረሙ ደስ እያለኝ እመልሰዋለሁ። ካልፈረሙ ግን አልመልስም። በቃል አልታዘዝም።»

ኢንጂነሩ ወረቀቱን አነበበው። እስክሪብቶ አወጣ። ባዶዋን መስመር ትንሽ አይቶ እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ጫልቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ከማኅደሯም ነገሩ ወጣ። ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያና የእድገት እገዳ። ተቀብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ አለቃ ሳልሆን ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ኢንጂነሩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከሄደ በኋላ የመጡት ሁለት ኃላፊዎችም «ይህን ነገር ማን ፈቀደው?» ብለው ጠይቀውኛል። «ማንም» እላቸዋለሁ። ቅጹን አሳያቸዋለሁ። የፈረመ የለም፤ ከርነሉም አልተመለሰም። አዲስ ማሽን በተገዛ ቁጥርም መጀመሪያ የማደርገው ያንኑ ነበር፤ የተዘጋውን መክፈት።

ጫልቱ ግን ለብዙ ጊዜ አላናገረችኝም። ሰላምታዬን ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትቀበላለች፤ ያ ብቻ። አልፈረድኩባትም፤ ጊዜ ይወስዳል ብዬ ተውኩት። እሷ ከተመለሰች ከአንድ ወር በኋላ ይሆናል፣ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋና ከሰዓታት በኋላ መጣ። እግሬ ልማዱ ነውና ሳላስበው ግቢውን በሩጫ አቋርጬ፣ እያለከለክሁ ቀለም ቤት በር ላይ ደረስኩ። ገንዳው ይፈላል። ስክሪኑ ላይ ስሌቱ ወጥቷል። ጫልቱ ቀለሙን መዝና ጨርሳ በማንኪያ እየበጠበጠች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ላቤን፣ የተፈታውን የጫማዬን ማሰሪያ አየችው።

«ምነው?» አለችኝ። «ማን ጠራህ?»

ማንም አልጠራኝም ነበር። ጫማዬን አሠርኩና በእግሬ ቀስ እያልኩ ተመለስኩ።